የቡሎን የቤት ሥራ

ጥቅምት 6

ለባለቤቴ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን። ልጅህ ደህና ናት፣ እናትህም ደህና ናቸው። ጣሪያው ብቻ በዚያ በምታውቀው በኩል ያፈሳል፤ ባልዲ አስቀምጬበታለሁ።

የቤት ሥራዬን ጻፊልኝ ላልከኝ መልሴ እሺ ነው። እንዲህ መለማመጥህ ግን ከምን የመጣ ነው? አንድ ጊዜ ብትጠይቀኝ ይበቃ ነበር። ዕድሜ ልኩን የሞተር ድምፅ ሰምቶ በሽታውን የሚያውቅ ሰው፣ አንድ ገጽ ወረቀት ፊት እንዲህ ሲርበተበት ሳይ መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ቀጥሎ አዘንኩ። መሥሪያ ቤትህ የጥገና ክፍል ኃላፊ ሊያደርግህ ኮሌጅ ሲልክህ እኔ የፈራሁልህ ሒሳቡን ነበር። ሒሳቡን ተሻግረህ «የቴክኒክና የሥራ ጽሑፍ» በሚሉት ትምህርት ትያዛለህ ብዬ አላሰብኩም። በየሳምንቱ አንድ ወረቀት ደግሞ ቀልድ አይደለም።

በአውቶቡሱ ሾፌር የላክኸውን ግማሽ ገጽ አነበብኩት። «የነዳጅ ፓምፕ ማለት ነዳጅ የሚፓምፕ ማለት ነው» ብለህ ትጀምራለህ። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ለሌላ መካኒክ የተጻፈ ነው። ጥያቄው ግን ፓምፕ አይቶ ለማያውቅ ሰው ግለጽ ነው የሚለው። የማላውቀው እኔ ነኝና፣ ከቤታችን በታች ወዳለው ጋራዥ ወርጄ ልጆቹን አስፈታሁና አየሁት። አሁን ባይገባኝም እንኳ ቅርጹን አውቀዋለሁ። የጻፍኩትን ከዚህ ጋር ታገኘዋለህ። በራስህ እጅ ገልብጠው፤ የእኔ ፊደል የማን እንደሆነ ከሩቅ ያስታውቃል።

የውሃ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሳለሁ የአለቃዬን ደብዳቤ ሁሉ የምጽፈው እኔ ነበርኩ፤ የእሱ ድርሻ መፈረም ነበር። ልጅ ወልጄ ቤት ስቀመጥ ከዚህ ነገር የተገላገልኩ መስሎኝ ነበር። ዕጣዬ ነው መሰለኝ።

ጓደኞችህ ቡሎን ያሉህ ወደው አይደለም፤ አንዴ ከጠበቅህ የሚፈታህ የለም። ግን ስለ አንድ ወረቀት ብለህ እንቅልፍ አትጣ። ሹራብህን ሳታወልቅ ተኛ፤ ብርዱ እዚያ ይከፋል ይላሉ።

ባለቤትህ

ጥቅምት 19

ለጸሐፊዬ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እኔ ደህና ነኝ፣ ከወገቤ በቀር። የተማሪ ወንበር የተሠራው ለልጅ ወገብ ነው።

ውጤቱን ጠይቀሽኛል። ዘጠኝ ከአሥር። ይህ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ መምህሯ ተነስታ ለክፍሉ አነበበችው። ስታነብ ሁሉም ወደ እኔ ዞሮ ያያል፣ እኔ ደግሞ ወለሉ ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ተማሪዎቹ «እመት አራት ነጥብ» የሚሏት እሷን ነው። መጀመሪያ የገባች ቀን፣ አራት ነጥብ የሌለው ዓረፍተ ነገር ፍሬን የሌለው መኪና ነው አለችና ስሙ በዚያው ጸና። ቀጭን ሴት ናት፣ ድምጿን ከፍ አታደርግም። የምትፈራው ለዚህ ነው።

ክፍሉ ምን ይመስላል ላልሽው፣ መስኮቱ አይዘጋም፣ ሰሌዳው ጫፉ ተሰንጥቋል፣ ከወንዶቹ ውስጥ ሽበት ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ። በአንድ በኩሌ አንዲት ነርስ ትቀመጣለች፤ በዕረፍት ሰዓት ብስኩት ታካፍለኛለች። በሌላ በኩሌ የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ቀያሹ ነው፤ ማንኮራፋቱን በሜትር ቢለካው ኖሮ መንገድ ይሆን ነበር።

የሚቀጥለው የቤት ሥራ ለአንድ ደንበኛ አይሆንም ብሎ መጻፍ ነው፤ ግን ደንበኛው ሳይቀየም። እኔ በሕይወቴ ለማን እምቢ ብዬ አውቃለሁ? ጋራዡ ውስጥ የማይሆነውንም መኪና እሺ እላለሁ፣ ከዚያ ደንበኛው ሲመጣ እደበቃለሁ። ይኼን እንዴት አድርጌ ልጻፈው? አስቸገርኩሽ፤ አውቃለሁ።

አንድ ነገር ብቻ። ትናንት ስደውል እናቴን አቅርቢልኝ ብልሽ ተኝታለች አልሽኝ። በዚያኛው ሳምንትም ተኝታ ነበር። እናቴ ቀን የምትተኛ ሴት አልነበረችም። ከኋላዬ የተሰለፉት ተማሪዎች ስልኩን ልቀቅ ብለው ሲጮሁብኝ ሳልጠይቅሽ ዘጋሁት።

ያንቺው ቡሎን

ኅዳር 2

ለባለቤቴ፣

በመዘግየቴ ይቅርታ። ባለፈው ሳምንት ሾፌሩ አመለጠኝ፤ መናኸሪያው ስደርስ አውቶቡሱ ጭሱን ትቶልኝ ሄዷል።

ስለ እናትህ ለጠየቅኸው፣ አዎ ይተኛሉ። ሰው ዕድሜው ሲገፋ ይተኛል። ሰላምታ ብለውሃል። ትምህርትህን እንድታጠነክርም ብለዋል፤ ይህን ከእኔ የጨመርኩት አይደለም፣ ቃሉ የሳቸው ነው።

የእምቢታውን ደብዳቤ ልኬልሃለሁ። አልከበደኝም። እምቢ ማለት ለማይችል ሰው እንዲህ ያለ ደብዳቤ መጻፍ ቀላል ነው፤ ሲመኘው የኖረውን ነው የሚጽፈው። መጀመሪያ አመስግኜዋለሁ፣ በመሀል ምክንያቱን ነግሬዋለሁ፣ እምቢታውን ሦስተኛው አንቀጽ ላይ አስቀምጬ ከሥሩ ሌላ መፍትሔ አሳይቼዋለሁ። ወረቀቱ የተጨማደደው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ በጉልበቴ ስለጻፍኩት ነው። የምን አግዳሚ ወንበር አትበለኝ። ወረፋ ይዤ ነበር፤ ዘንድሮ ያለ ወረፋ የሚገኝ ነገር የለም። አንተ ስትገለብጠው ቀጥ ይላል።

ልጅህ ስጽፍ አይታኝ፣ ኮሌጅ የገባው አባዬ ነው ወይስ አንቺ ብላ ጠየቀችኝ። ለሰው እንዳትናገሪ አልኳት። ይህን ለስምንት ዓመት ልጅ መናገር ደግሞ ጡሩንባ መስጠት ነው።

ድካም ይሰማሻል ወይ ብለሃል። ለምን ጠየቅኸኝ? በስልክ ድምፄ እንዲያ ይመስላል? ጉንፋን ይዞኝ ነበር።

ባለቤትህ

ኅዳር 11

ለባለቤቴ፣

ደህና ነኝ። የዚህ ሳምንት የቤት ሥራ የለም። አንቺም ትንሽ ዕረፍት አድርጊ። የእምቢታው ደብዳቤ ስንት አመጣ ላልሽው፣ ገና አልመለሰችውም።

ብዙ የምጽፈው የለኝም፤ ሾፌሩ ሞተር አስነስቶ እየጠበቀኝ ነው። የእናቴን ጉልበት ሳሚልኝ። ልጄን ሳሚልኝ።

ቡሎን

ኅዳር 25

ለባለቤቴ፣

እንደምን ነህ? እኛ እንዳለን አለን።

በዚህም ሳምንት የቤት ሥራ የለም ብለሃል። በዚያኛውም አልነበረም። እኔ እስከማውቀው አራት ነጥብን የመሰለች መምህርት ተማሪዎቿን ለሁለት ሳምንት አታሳርፍም። ስለዚህ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ በቀጥታ መልስልኝ። አሁን የሚጽፍልህ ማን ነው?

ብስኩት የምታካፍልህ ነርስ ናት? ነርሶች ጥሩ ጽሑፍ አላቸው፤ በየቀኑ የበሽተኛ ሁኔታ ይጽፋሉ። ብትሆንም አልቆጣም። ልብስ እያጠብኩ፣ ድስቱ እየገነፈለ፣ አንድ ጆሮዬን ወደ ጓዳ ጥዬ የማላውቀውን ማሽን ስጽፍልህ የነበርኩት እኔ ነኝና ደስ ሊለኝ ይገባል፤ ተገላገልኩ። ግን አልተደሰትኩም። ትናንት ሾፌሩ ባዶ እጁን ሲመጣ መናኸሪያው መሀል ቆሜ ቀረሁ። ሰው ሸክም ሲወርድለት ይናደዳል እንዴ? እኔ ተናደድኩ።

ሌላ ጸሐፊ ካገኘህ ንገረኝ። ጎበዝ ከሆነችም ንገረኝ።

እናትህ ደህና ናቸው።

ባለቤትህ

ታኅሣሥ 2

ለባለቤቴ፣

ደብዳቤሽን ሳነብ ሳቄ መጣ፣ ከዚያ አፈርኩ። ነርሷ የስድስት ልጆች እናት ናት፣ ትልቁ ልጇ ወታደር ነው። ብስኩቱን የምትሰጠኝ ጥርሷ ስለማይሰብረው ነው። የሚጽፍልኝ ሰው የለም። የምጽፈው እኔው ነኝ።

የሆነውን ልንገርሽ። የእምቢታውን ደብዳቤ ያስረከብኩ ቀን ከክፍል በኋላ አስቀረችኝ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ እምቢታውን ለምን መጀመሪያ ሳይሆን ሦስተኛው አንቀጽ ላይ እንዳደረግሁት ጠየቀችኝ። አንቺ ነግረሽኝ ነበር፤ ግን በዚያች ሰዓት ከአንጎሌ በረረ። ወረቀቱ ላይ አጎንብሼ ከመጀመሪያው ማንበብ ጀመርኩ።  

«አንተ ነህ የጻፍኸው?» አለችኝ።

«አይደለሁም።»

ማን እንደሆነ ስትጠይቀኝ እሱን አልናገርም አልኳት። ብትቆጣኝ ደስ ይለኝ ነበር። ወረቀቱን አጥፋ ሰጠችኝና «ይህን የጻፈ ሰው እኔ ክፍል መግባት አያስፈልገውም፤ አንተ ግን ያስፈልግሃል» አለችኝ። እስከዚያ ቀን ያገኘሁትን ውጤት ሁሉ ዜሮ አደረገችው። ለአስተዳደሩ አላመለክትም፣ የቀሩትን ሳምንታት ግን ራስህ ጻፍ አለችኝ።

ያልነገርኩሽ ዜሮው አንቺን የሚነካ ስለመሰለኝ ነው። ደክመሽ የጻፍሽው ነው። የቤት ሥራ የለም ማለት ቀለለኝ። አሁን እሑድ እሑድ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ አንድ ገጽ እታገላለሁ። የመጀመሪያው ሦስት አመጣ፣ ሁለተኛው አራት። ትናንት አንድ ዓረፍተ ነገር ስጽፍ ውዬ ማታ ሰረዝኩት።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅሽ። ሾፌሩ ዛሬ ፖስታውን ሲሰጠኝ «እናትህ እንዴት ሆኑ?» አለኝ። እንዴት ናቸው አላለም። እንዴት ሆኑ ነው ያለው። ምን ሆነው ነው ብዬ ስጠይቀው፣ መሪውን ይዞ ወዲያ ዞረ።

እናቴ ምን ሆናለች?

ታኅሣሥ 7

ለባለቤቴ፣

ቁጭ ብለህ አንብበው። በሕይወት አሉ።

ጥቅምት 8 ጠዋት፣ እኔ ልጅቷን ትምህርት ቤት ላደርስ ስወጣ፣ የታጠበ ልብስ ሊያሰጡ ግቢ ወጥተው እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ወደቁ። ስመለስ ገመዱ ሥር ተጋድመው አገኘኋቸው፣ አንሶላው በላያቸው። ዳሌያቸው ተሰብሯል። ሐኪም ቤት ወስደናቸው፣ ሁለት ሳምንት ወረፋ ጠብቀን ቀዶ ሕክምና ተደርጎ ብረት ገብቶላቸዋል። አሁን ቤት ናቸው። ቁስሉ ደህና ነው፤ ግን እንደተኙ ናቸው። ጀርባቸው እንዳይላጥ በየጊዜው ማገላበጥ ያስፈልጋል። ትልቅ ሰው ናቸው፣ አጥንታቸውም ከባድ ነው፣ እኔም አንድ ነኝ። እህትህ ከሱቋ ስትወጣ ትመጣለች፤ በሩ ላይ ቆማ ታለቅስና፣ ብነካት ትሰበርብኛለች ብላ ትሄዳለች። አልፈርድባትም። እኔም መጀመሪያ ፈርቼ ነበር።

ለምን አልነገርሽኝም ትለኛለህ። አስምለውኝ ነው። የወደቁ ዕለት ሐኪም ቤት ስናስገባቸው እጄን ይዘው «ልጄ የጀመረውን አቋርጦ የመጣ እንደሆነ እኔ ከዚህ አልጋ አልነሳም» አሉኝ። የሚሞት የሚመስል ሰው እንዲህ ሲልህ ምን ትላለህ? እሺ አልኩ። እኔም እንዳንተ ነኝ፤ እምቢታ የምችለው በወረቀት ላይ ብቻ ነው። ያ የእምቢታ ደብዳቤ የተጻፈው እሳቸው ከቀዶ ሕክምናው እስኪወጡ በሩ ፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ነበር። እጄን ሥራ ባላስይዘው ኖሮ አብድ ነበር።

ለዚያ ወረቀት ዜሮ ሰጠችህ? ፍርዷ ልክ ነው፤ ግን ለእኔ ይቆጨኛል። ጥሩ ደብዳቤ ነበር።

እንግዲህ አወቅህ። ይቅርታ ልልህ እስክሪብቶ አንስቼ ነበር፤ አልወጣ አለኝ። በዚህ መንፈቅ በአንተ ስም ለማላውቃቸው ደንበኞች፣ ለሾፌሩ፣ ለሐኪሙ፣ ለእህትህ፣ ለሁሉም ይቅርታ ብያለሁ። ለአንተ የቀረ የለኝም። ደክሞኛል። ይህን ቃል ለአንተ ጽፌው አላውቅም። አሁን ሳየው እንዴት አጭር ነው።

ባለቤትህ

ታኅሣሥ 10

እናቴን ደበቅሽብኝ። ተቆጥቻለሁ። በማን እንደሆነ ግን ገና አልለየሁትም።

መምህሯን አስፈቅጃለሁ። የሚቀርብኝ ወረቀት ይቅር ብያለሁ። ሐሙስ በሾፌሩ አውቶቡስ እመጣለሁ። ለእናቴ አትንገሪያት።

ታኅሣሥ 25

ለባለቤቴ፣

በሰላም መግባትህን ከሾፌሩ ሰማሁ። ደብዳቤህም ደርሶኛል።

አስቀይሜሽ ይሆን ወይ ላልከው፣ አዎ አስቀይመኸኛል። በሩን አልፈህ እኔን ሳታይ ነው ወደ ጓዳ የገባኸው። በዚያ ቀን ስለ እናትህና ስለ እኔ የተናገርኸውን እዚህ አልደግመውም፤ እኔም የመለስኩልህን አልደግምም። ተባብለናል፣ አልቋል። ከነገሩ ሁሉ በልቤ የቀረው ሌላ ነው።

እናትህን በጉልበትህ ብቻህን ልታዞር ስትሞክርና ሲጮሁ፣ ወጥተህ ግቢው ውስጥ ፊትህን ወደ አጥሩ አድርገህ ቆምክ። እኔ በመስኮት አየሁህ፤ አልተከተልኩህም። ጨክኜ አይምሰልህ፤ እግሬ እምቢ ብሎኝ ነው። ከዚያ ተመለስክና እጅህን ታጠብክ። ታጥበው የሚጠሩ እጆች አይደሉም፤ የዘይቱ ጥቁር ከጥፍርህ ሥር መቼም አይለቅም። ቢሆንም ታጠብክና መጥተህ «አሳዪኝ» አልከኝ።

ከተጋባን ጀምሮ አንተ ለእኔ ይህን ቃል ብለኸኝ አታውቅም። ሥሪልኝ ትለኛለህ፣ ጻፊልኝ ትለኛለህ። አሳዪኝ ብለኸኝ አታውቅም።

ከሄድህ ወዲህ እናትህ ያማርራሉ። የእኔ እጅ ቀዝቃዛ ነው አሉ። የልጄ እጅ ከባድ ቢሆንም ከመንካቱ በፊት ይነግረኛል፣ አሁን ትከሻሽን ነው፣ አሁን ዳሌሽን ነው ይለኛል አሉ። እኔ ከልምድ ብዛት ዝም ብዬ አዞራቸው ነበር ለካ። አሁን እየተናገርኩ አዞራለሁ። ልጅህ ሰምታ አሻንጉሊቷንም እየነገረች ታገላብጣለች።

ሁለት ሳምንት ቀርቶሃል። የእኛን ነገር ለእኛ ተውና ፈተናህን ተፈተን። እንቅልፍ ታገኚያለሽ ወይ ብለሃል። እየቆራረጥኩ አገኛለሁ፤ እንደ ድሮ ሬዲዮ።

ባለቤትህ

ጥር 10

ወድቄያለሁ።

ከሰላምታው ያስቀደምኩት ከሰላምታው ውስጥ ተሸጉጦ እንዳይቀር ብዬ ነው። እንደምን አላችሁ? እኔ ደህና ነኝ።

ሌላውን ትምህርት ሁሉ አልፌያለሁ። ይኼኛውን ለማለፍ የጎደለኝ አራት ነጥብ ነው። ቀያሹ ይህን ሲሰማ አልጋው ላይ ተንከባሎ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። መሥሪያ ቤቱ አልጠበቀኝም። የኃላፊነቱን ቦታ ለዚያ ከእኔ በኋላ ለተቀጠረው ወጣት ሰጥተውታል። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ጥፋት የለበትም። እኔ በጥር መጨረሻ ወደ ጋራዡ እመለሳለሁ፣ ወደ ድሮ ሥራዬ። ትምህርቱን በሚቀጥለው ዓመት መድገም ይፈቀድልኛል። ልድገመው ወይስ ይቅር የሚለውን አብረን እንነጋገራለን።

ላሳፍርሽ እችላለሁ ብዬ ፈርቻለሁ። ጎረቤት፣ ባልሽ ኃላፊ ሆነ ወይ ብሎ ቢጠይቅሽ ምን እንደምትዪ አላውቅም።

የመጨረሻው ወረቀት አንድን ሥራ ሠርቶት ለማያውቅ ሰው አስተምሩ የሚል ነበር። ቀያሹ ስለ መለኪያ ጻፈ፣ ነርሷ ስለ መርፌ። እኔ ጎማ ስለ መፍታት ልጽፍ ጀምሬ ተውኩት። ጎማ መፍታት መቼ እንደተማርኩ አላስታውስም፤ የማያውቅ ሰው ምን እንደሚያስፈራው አላውቅም። እናቴን ማገላበጥ ግን ገና አሁን ነው የተማርኩት። ስለሱ ጻፍኩ። ነርሷ ላስተካክልልህ ስትለኝ ተይው አልኳት።

መምህሯ ሰባት ሰጠችኝ። ከዚህ በፊት በራሴ ያገኘሁት ትልቁ አምስት ነበር። ሦስቱን ለምን እንደቀነሰች ሁሉም አልገባኝም፤ አራተኛው ተራ ላይ የጥያቄ ምልክት አድርጋበታለች፣ ምን እንደጎደለው አልታየኝም። ሥሩ ላይ «ይህን አንተ ነህ የጻፍኸው» ብላለች። ሌላ አላለችም።

ወረቀቱን ልኬልሻለሁ። እንድታርሚው አይደለም።

ቡሎን

ጥር 18

ለባለቤቴ፣

እንደምን ነህ? መውደቅህን ከሰላምታ በፊት ስለነገርከኝ አመሰግንሃለሁ። እኔም ያለኝን ከፊት ላስቀድም፤ አላፈርኩብህም። ጎረቤት ጠይቆኛል። አልሆነም፣ ወደ ጋራዡ ይመለሳል አልኩ። ሰውዬው ራሱን ነቅንቆ መኪናው የሚጮኽበትን ቦታ ይነግረኝ ጀመር፤ መቼ ይመጣል አለኝ።

ወረቀትህን አነበብኩት። እስክሪብቶ በእጄ ነበር፤ ሳልጠቀምበት ክዳኑን መለስኩት።

ቅዳሜ እህትህ መጣች። እንደ ልማዷ በሩ ላይ ቆመች። እኔ ያን ቀን ከልጅቷ ሳል ጋር ስታገል ነግቶብኝ ነበርና ለመናገር እንኳ አቅም አልነበረኝም። ወረቀቱን አውጥቼ ሰጠኋት። ወንድምሽ የጻፈው ነው፣ እኔ ማዶ ክፍል ነኝ፣ ከቸገረሽ ጥሪኝ አልኳትና ሄጄ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ልተኛ አልነበረም፤ ልሰማ ነበር።

ጮክ ብላ ታነባለች። «አንደኛ፣ ከመንካትህ በፊት ስማቸውን ጠርተህ ምን ልታደርግ እንደሆነ ንገራቸው።» እናትዬ፣ ላዞርሽ ነው ትላለች። «ሁለተኛ፣ ደህናውን ጉልበት እጠፍ። ሦስተኛ፣ ትከሻና ዳሌን እኩል ያዝ፤ አንዱን አስቀድመህ አትሳብ።» አልጋው ሲንቋቋ ይሰማኛል። አራተኛው ጋ ስትደርስ፣ «ትራሱን አስገባ ይላል እንጂ የት እንደሚገባ አይልም» ብላ ቆመች። ልነሳ እግሬን መሬት አደረግሁ። እናትህ ቀደሙኝ።

«በጉልበቶቼ መሀል ነው» አሉ። «ረስቶት ነው። አምስተኛውን አንብቢ።»

ጥያቄ ምልክቱ እሱ ነው እንግዲህ። ስትመጣ ጨምርበት።

አምስተኛውን ስታነብ ሰማሁ። ስድስተኛውን አልሰማሁትም። ዓይኔን ስገልጥ ክፍሉ መሽቶበታል፣ ጫማዬን አውልቀውልኛል፣ ብርድ ልብስ ደርበውብኛል። ደንግጬ ጓዳ ሮጥኩ። እናትህ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አድርገው ተኝተዋል፣ ትራሱ ቦታው ላይ ነው። እህትህ አጠገባቸው ተቀምጣ የልጅቷን ፀጉር ትሠራለች። ሁለት ጊዜ አዙሬያታለሁ፣ ሂጂ ተኚ አለችኝ።

እኔም ተመልሼ ተኛሁ።

ባለቤትህ